የቤት ከበሮ በድሬ ዳዋ፤ የቆዳውና የሣጥኑ ታሪክና ምርጫ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው የአበው ምሳሌ ስለ ሥራና ስለ ሹመት ይነገር እንጂ፣ ከመሣሪያው ከራሱ ጠባይ የተገኘ እውነት ነው። ከበሮ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ እንደ ክራር ክር የለው፣ እንደ ዋሽንት ቀዳዳው በጣት አይደፈን። ነገር ግን የትኛው ከበሮ ለየትኛው ዜማ፣ ለየትኛው ቤትና ለየትኛው ሰዓት እንደሚገባ ያልታወቀ እንደ ሆነ፣ ዜማውን በማንሣት ፈንታ ይደፍቀዋል።

ይህ ነገር በድሬ ዳዋ ጐልቶ ይታያል። ከተማዪቱ የብዙ ሕዝብ መገናኛ ስለ ሆነች፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤቶች የየራሳቸው ከበሮ አላቸው፤ ከበሮውም የዘፈን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖትና የወገን ምልክት ነው። ስለዚህ በቤቱ ክራር ወይም ዑድ ይዞ ከጎረቤቱ ጋራ ለመጫወት የሚሻ ሰው ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «የትኛው ከበሮ ያምራል?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «የትኛው ከበሮ የሁላችን ሊሆን ይችላል?» የሚለውም ነው። በቅርብ ዘመን ከውጭ አገር የመጣውና መቺው ተቀምጦበት የሚመታው የሣጥን ከበሮ ከዚሁ ጥያቄ መካከል ገብቷል። መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የከተማዪቱን ከበሮዎች፣ ቀጥሎም የሣጥኑን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

ከተማዪቱና ከበሮዎቿ

ድሬ ዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የሐዲድ ሥራ ፈቃድ፣ መሥመሩ በመጀመሪያ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲደርስ ያሰበ ነበር። ሐረር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ሐዲዱን ወደ ተራራው ማውጣት ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። በዚህም ምክንያት መሥመሩ ከተራራው ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. በዚያ ሜዳ በደረሰ ጊዜ፣ መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው፣ በኋላ ግን ድሬ ዳዋ በሚለው ስም የጸናችው ከተማ ተቈረቈረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪደርስ፣ ይኸውም እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ፣ ብዙ ዓመት አለፈ፤ በዚያም ዘመን ውስጥ ከጅቡቲ የመጣው ሰውና ዕቃ ድሬ ዳዋ ላይ እየወረደ ወደ መሀል አገር በአጋሰስና በግመል ይጓዝ ነበር።

ደቻቱ የሚባለው፣ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ወንዝ ከተማዪቱን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ ወገን መንገዶቹ በቀጥታ የተቀየሱት፣ የባቡር ጣቢያውና የሠራተኞቹ ቤቶች ያሉበት ከዚራ ይገኛል፤ በሌላው ወገን ገበያው የደራበት መጋላ አለ። በነዚህ ሰፈሮች ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ህንዱ በንግድና በባቡር ሥራ ተሰባስቦ ኖሯል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የከተማዪቱ ነዋሪ 233,224 ነበረ። ከተማዪቱንና ዙሪያዋን አንድ ላይ ያየን እንደ ሆነ ደግሞ፣ ከመቶው 46 ያህሉ ኦሮሞ፣ 24 ያህሉ ሶማሌ፣ 20 ያህሉ አማራ ነው፤ በሃይማኖትም ከመቶው 71 ያህሉ እስላም፣ 26 ያህሉ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ወደ ሜዳው ሲወርድ ከበሮውን ይዞ ወረደ። ክርስቲያኑ የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ ያውቃል፤ ከግንድ የተፈለፈለ፣ አንደኛው አፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ የሆነ፣ ሁለቱም አፎች በከብት ቆዳ የተለበጡ፣ ቆዳዎቹም ላይና ታች በሚመላለስ ጠፍር የተወጠሩ ነው። መቺው በማንገቻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወይም መሬት አስቀምጦ በሁለት እጁ ይመታዋል፤ ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋራ ሆኖም ማኅሌቱን ይመራል። ሊቃውንቱ እያንዳንዱን የከበሮ ክፍል በምሥጢር ይተረጉሙታል፤ ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ አፍ የትስብእት፣ ጠፍሩም ጌታ በተገረፈ ጊዜ በሥጋው ላይ የታየው ሰንበር ምሳሌ ነው ይላሉ። ስለዚህ ለቤተ መቅደስ የተሰጠ ከበሮ ለዘፈን አይወጣም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ምእመን በድሬ ዳዋ በኩል ሲያልፍ የሚሰማው የከበሮ ድምፅም የመዝሙር እንጂ የጨዋታ አይደለም።

ከዚህ የተለየው የቤት ከበሮና አታሞ የሚባለው ታናሽ ከበሮ ነው። እነዚህን በሠርግና በልደት፣ በሙሽራ አቀባበልና በክርስትና ድግስ በብዛት የሚይዙት ሴቶች ናቸው። አንዲቱ ትመታለች፣ አንዲቱ ታወጣለች፣ የቀሩት በጭብጨባና በእልልታ ይቀበላሉ። አታሞው በጭን ላይ ወይም በብብት ሥር የሚያዝ በመሆኑ ከጠባብ ክፍል ጋራ ይስማማል።

በእስላሙ ቤት ደግሞ ኦሮሞውም አማራውም ድቤ የሚለው ከበሮ መንዙማውን ያጅባል። ከሐረር የመጣው ሐረሪ ከረቡ የተባለውን ከበሮ በዝክር ጊዜ ይመታል፤ ከከረቡም ጋራ ከበል የሚባሉ ሁለት የእንጨት ቁራጮች እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ምቱን ያጸናሉ። ይህ ሥርዓት የሚታይበት የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ሶማሌዎቹ ከበሮአቸውን ዱርባን ይሉታል፤ ሴቶቻቸው ቡራንቡር የተባለውን ግጥም በሚያሰሙበት ጊዜ ዱርባኑና ጭብጨባው አብረው ይሄዳሉ። የሐረርጌ ኦሮሞ ወጣቶች የሚጫወቱት ሸጎዬ ደግሞ ኃይሉን የሚያገኘው ከመሣሪያ ይልቅ ከጉሮሮና ከአካል እንቅስቃሴ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ለሚመጣው ነገር ትልቅ ትርጉም ያለው ከበል ነው። ቆዳ ሳይኖር እንጨት ብቻውን የዜማ ምት ሊሆን እንደሚችል ያሳያልና። እንጨትን መትቶ መዘመር ለዚህ አገር ባዕድ ልማድ አይደለም።

ከበሮ በሌለበት ጊዜ

ሐዲዱ ያመጣው ሰውን ብቻ አይደለም። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ በሣጥን፣ በበርሜልና በቆርቆሮ ታሽጎ ይወርድ ነበር። በዓለም ገበያ ላምባ የሚላከው 18 ሊትር ያህል በሚይዙ ቆርቆሮዎች ሲሆን፣ ሁለት ሁለት ቆርቆሮ በአንድ የእንጨት ሣጥን ይታሸግ ነበር። ዕቃው ካለቀ በኋላ ቆርቆሮው ውሃ መቅጃ፣ ሣጥኑ መቀመጫ ወይም የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ባዶ ዕቃ ደግሞ ከተመታ ይጮኻል። በኋላ ዘመን የቆርቆሮውን ስፍራ የፕላስቲክ ጀሪካን ስለ ያዘው፣ ድግስ በድንገት ደርሶ ከበሮ ያልተገኘ እንደ ሆነ ጀሪካን ገልብጦ መምታት በኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ የታወቀ ነገር ሆነ። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ከበሮን የናቁ አይደሉም፤ ዘፈኑ ከሚቀር ከበሮው ቢቀር ይሻላል ያሉ ናቸው።

የከተማዪቱ ዘፈንም በዚህ ዓይነት መቀላቀል ያደገ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በድሬ ዳዋ የተቋቋመው አፍረን ቀሎ የተባለው ቡድን፣ ስሙን ከአራቱ የቀሎ ኦሮሞ ጎሣዎች ወስዶ የአገሩን ዜማ ከከተማ መሣሪያ ጋራ አስማማ። በ1939 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ የተወለደው ዓሊ ቢራ በልጅነቱ ከዚህ ቡድን ገብቶ በዑድና በጊታር የታወቀ ዘፋኝ ሆነ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስም በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በአማርኛም ዘፍኗል። ዑድ የመጣው ከዐረቦች ነው፤ ጊታር ከአውሮፓ ነው። በድሬ ዳዋ ግን የመሣሪያው የትውልድ አገር የዜማውን ባለቤትነት አልለወጠውም። ይህን የሚያስታውስ ሰው ስለ ሣጥኑ ከበሮም «የውጭ ነውና አይሆንም» ብሎ ፈጥኖ አይፈርድም።

የሣጥኑ ታሪክ

በስፓኝ ቋንቋ ካሆን ማለት ሣጥን ማለት ነው። የሣጥን ከበሮ የተገኘው በፔሩ ጠረፍ፣ ከአፍሪካ በባርነት ተወስደው በእርሻና በወደብ ሥራ ይደክሙ በነበሩ ሰዎች መካከል ነው። እነዚህ ሰዎች ከአገራቸው ሲነጠቁ ከበሮአቸውን ይዘው አልሄዱም። በእጃቸው የሚገኘው የጭነት ሣጥን ነበር፤ በእርሱ ላይ ተቀምጠው በመዳፋቸው መቱት። በ19ኛው መቶ ዓመት ሣጥኑ በጭፈራቸው መካከል የታወቀ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። በፔሩ ባርነት የተሻረው በ1854 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ የጥቁሮቹ ሙዚቃ ለረጅም ጊዜ ከድኻ ሰፈር ሳይወጣ ቈይቶ በሊማ አዳራሾች የተከበረው በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ እነ ኒኮሜደስ ሳንታ ክሩስና እኅቱ ቪክቶሪያ በደከሙበት ዘመን ነው። በኩባም እንዲሁ የወደብ ሠራተኞች የዓሣና የሻማ ሣጥን እየመቱ ሩምባ የተባለውን ጨዋታ አስገኝተዋል።

ሣጥኑ ወደ ቀረው ዓለም የተሰራጨው በአንድ ስጦታ ምክንያት ነው። ዝነኛው የስፓኝ ጊታር ተጫዋች ፓኮ ዴ ሉሲያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በፔሩ ሳለ፣ ካይትሮ ሶቶ የተባለው የአገሩ መቺ ሣጥን ሲመታ ሰማ፤ መሣሪያውንም ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰና ፍላሜንኮ ከተባለው ሙዚቃ ጋራ አገናኘው። ጊታር ድምፁ ስስ ስለ ሆነ በትልቅ ከበሮ ይዋጣል፤ ሣጥኑ ግን ሳይጫነው ምቱን ስለ ያዘለት ወዲያው ተወደደ። የፔሩ መንግሥት ካሆንን በ2001 እ.ኤ.አ. የአገር ቅርስ ብሎ ሠይሞታል። ዛሬ በኢትዮጵያም ያለ ኤሌክትሪክ በሚደረግ ጨዋታ ላይ፣ በጊታርና በክራር አጠገብ፣ ይህ ሣጥን ይታያል።

እንግዲህ ሣጥኑ የማንም ወገን ምልክት ስላልሆነ ታሪክ የለውም ማለት አይደለም። ከገዛ ከበሮአቸው የተለዩ አፍሪካውያን ከጭነት ሣጥን ድምፅ ያወጡበት ታሪክ አለው። ይህ ታሪክ ከባቡር ከተማ ኑሮ ጋራ የሚመሳሰልበት ነገር አለ፤ በወደብም በባቡር ጣቢያም ሥራ የሰበሰባቸው ሰዎች ከጭነቱ ትራፊ ዜማ አውጥተዋልና። ልዩነቱን ግን መርሳት አይገባም፤ ወደ ድሬ ዳዋ የመጣው ሕዝብ ከበሮውን አልተነጠቀም፤ ዛሬም በእጁ አለ። ፔሩዎቹ ሣጥኑን የያዙት ከበሮ ስላልነበራቸው ነው፤ ድሬ ዳዋ ግን በሁለቱ መካከል መምረጥ ይቻላታል።

ቆዳና እንጨት በድሬ ዳዋ አየር

የመጀመሪያው የምርጫ ነገር አየሩ ነው። ቆዳ እርጥበትን ይጠጣል፤ በእርጥብ አየር ይላላና ድምፁ ይወፍራል፤ በደረቅ አየር ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል። ስለዚህ መቺዎች ከበሮውን ከመምታታቸው በፊት በፀሐይ ወይም በእሳት ወላፈን ያሞቁታል። ድሬ ዳዋ ሞቃትና ደረቅ ቈላ ስለ ሆነች ይህ ድካም በብዙው ወራት አያስፈልግም፤ አስጊው ነገር ተቃራኒው ነው። ከልክ በላይ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ጠፍሩም ይበጠሳል። ከሐረር ደጋ ተወጥሮ የመጣ ከበሮ በድሬ ዳዋ ፀሐይ ሲውል ድምፁ የሚጮኸው ከዚህ የተነሣ ነው። ከበሮውን ከፀሐይ አርቆ፣ በጨርቅ ሸፍኖ በጥላ ማስቀመጥ ይበጃል፤ ጠባቂ የሌለው ቆዳ አይጥም ይበላዋል።

ሣጥኑ ቆዳ ስለሌለው ድምፁ ከሰዓት ሰዓት እንዲህ አይለዋወጥም። ነገር ግን እንጨትም ይደርቃል። የሣጥኑ ፊት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ስስ የተነባበረ እንጨት የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ከመስኮት በሚገባ ፀሐይ ወይም ከከሰል ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ እንደ ሆነ ይጣመማል፤ የማጣበቂያው መጋጠሚያም ይከፈታል። በዚህ ረገድ ሣጥኑ ከቆዳው የሚሻለው በድምፁ ጽናት እንጂ ጥበቃ ባለመፈለጉ አይደለም።

አመራረጥ

ሁለተኛው ነገር የሚታጀበው ድምፅ ነው። በሠርግ ቤት ሰላሳ ሰው ሲያጨበጭብ ሣጥን አይሰማም፤ ያ ስፍራ የከበሮ ነው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት ወይም ዑድ ይዘው ሦስትና አራት ሰዎች በአንድ ክፍል የተቀመጡ እንደ ሆነ ግን፣ ትልቁ ከበሮ ክሩን ይሸፍነዋል። በዚህ ጊዜ አታሞ ወይም ሣጥን ይመረጣል። አታሞው ድምፁ ክብና ለስላሳ ነው፤ ሣጥኑ ደግሞ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ አንድ ላይ ይዞ ይገኛል።

ሦስተኛው የክፍሉ ጠባይ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን፣ ጣራው ቆርቆሮ በሆነ ቤት ድምፅ ይመላለሳል፤ ምንጣፍ በተነጠፈበትና ትራስ በተደረደረበት፣ እንደ ሐረሪ ቤት ባለ ክፍል ግን ይዋጣል። ለመጀመሪያው ቤት ድምፁ ፈጥኖ የሚቆም ሣጥን ወይም ታናሽ አታሞ ይሻላል፤ ለሁለተኛው ጠንከር ያለ ምት ያለው ሊመረጥ ይችላል።

አራተኛው የሥራው ጥራት ነው። የቆዳ ከበሮ የሚገዛ ሰው እንጨቱ ስንጥቅ እንደሌለበት፣ ቆዳው ፀጉሩ እኩል ተፍቆ ውፍረቱ የተስተካከለ መሆኑን፣ የካራ ጠባሳ አለመኖሩን፣ ጠፍሩም ሁሉ እኩል መወጠሩን ይመለከታል። ከዚያም ሁለቱን አፎች እየለዋወጠ ይመታል፤ የሰፊው አፍ ድምፅ ከጠባቡ በግልጽ ተለይቶ ካልወፈረ ያ ከበሮ ለጨዋታ አይረዳም። ዛሬ በእንጨት ፈንታ በብረት ቆርቆሮ የሚሠራ ከበሮም አለ፤ ድምፁ ይጮኻል፣ ለሜዳ ይሆናል፤ ለቤት ግን እንጨቱ ይመረጣል።

ሣጥን የሚገዛ ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ይቀመጥበታል። የተለመደው ሣጥን ቁመቱ 48 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱና ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ተቀማጩ እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ማሳረፍና ሳይጐብጥ ፊቱን መምታት ካልቻለ፣ ሣጥኑ ለእርሱ አይደለም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወገቡን ያመዋልና። ቀጥሎ ከፊቱ መካከል ከፍ ብሎ በመዳፍ ይመታል፤ ከዚያ የሚወጣው ድምፅ ወፍራም፣ ክብና አጭር ሊሆን ይገባል። ከላይኛው ጠርዝ በጣቶቹ ጫፍ ሲመታው ደግሞ ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። በግራና በቀኝ ያለው የጠርዝ ድምፅ ይመጣጠን እንደ ሆነ ያዳምጣል። ሣጥኑ ከበስተኋላው 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ አለው፤ አየሩ የሚተነፍስበት ነው። አንዳንዱ በውስጡ የጊታር ክር ወይም የሽቦ መረብ ተወጥሮበት ሲመታ ይንጫጫል፤ ይህ ለፍላሜንኮና ለዘመናዊ ዘፈን ይስማማል። ለክራርና ለዋሽንት ግን ያለ ክር የሆነው፣ እንደ ጥንቱ የፔሩ ሣጥን ያለው፣ ንጹሕ ድምፅ ስለሚሰጥ የተሻለ ነው።

ገንዘብ ለሌለው ሰው ሣጥን ለመሥራት አናጺ ይበቃል። አምስቱን ገጽ ከወፍራም ጣውላ፣ ፊቱን ከስስ እንጨት አድርጎ፣ መጋጠሚያውን በማጣበቂያ አጥብቆ፣ የፊቱን ላይኛ ጠርዝ በብሎን ብቻ ማሰር ነው። ብሎኑ ሲላላና ሲጠብቅ የጠርዙ ድምፅ ይለወጣልና፣ የሣጥኑ መቃኛ ይኸው ነው።

አመታት

ለአገራችን ዜማ የሚስማማ አመታት በሣጥኑ ላይ ለማግኘት አዲስ ትምህርት አያስፈልግም። የሣጥኑ መካከል የከበሮውን ሰፊ አፍ፣ ጠርዙም ጠባቡን አፍ ይተካል። በስድስት የሚቈጠረው፣ ረጅምና አጭር እየተፈራረቀ እንደ አንካሳ እርምጃ የሚሄደው የችክችካ ምት፣ ቀኝ እጅ መካከሉን ግራ እጅ ጠርዙን ሲመታ ይወጣል። የድቤው ዝግ ያለ ምት፣ የከበሉም ቀጥ ያለ ግጭት በጠርዙ ላይ ይገኛሉ። ጀማሪው ብዙ ምት ለማብዛት እንዳይቸኩል ያስፈልጋል፤ ክሩ የሚናገርበትን ጊዜ መተው ከመምታት ይበልጣልና።

ጎረቤትን ማሰብም ከአመታት የተለየ አይደለም። ድሬ ዳዋ ሙቀቷ የሚበርደው ከመሸ በኋላ ስለ ሆነ፣ ጨዋታውም በብዙው የሚሆነው ማታ በበረንዳና በግቢ ነው። የዚያን ጊዜ አንዱ ይጸልያል፣ ሌላው የሌሊት ፈረቃ አድሮበት ይተኛል። ሣጥኑ በመዳፍ ፈንታ በጣት ብቻ ሲመታ፣ ወይም በቀዳዳው ጨርቅ ሲገባበት፣ ድምፁ ከክፍሉ አይወጣም። ከግድግዳ ጥግ የተቀመጠ እንደ ሆነ ግን ወፍራሙ ድምፅ ስለሚበረታ፣ በቀን የሚፈለገው ይህ ስፍራ በማታ የሚራቅ ነው።

የሚቀርና የሚተርፍ ነገር

ስለ ሣጥኑ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። የሠርጉ ዘፈን ከሴቶቹ እጅና ጉሮሮ ወጥቶ ወደ ድምፅ ማጉያ ከገባ ወዲህ፣ ብዙ ቤት ያለ ከበሮ ቀርቷል። ከበሮ የሚጠፍሩ እጆች ሥራ ሲያጡ ልጆቻቸውን አያስተምሩም። በዚህ ጊዜ ከውጭ የመጣ ሣጥን በቤት ሲተካ፣ የቀረውን እውቀት ጨርሶ ያጠፋዋል የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሣጥኑ ከበሮውን የሚተካ ሆኖ የተያዘ እንደ ሆነ ይህ ጉዳት ይደርሳል። ከበሮ የሚያስተምረው ምት ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚቀበል፣ ሙሽራዪቱ በምን ዜማ እንደምትሸኝ ከከበሮው ጋራ የሚወረስ ሥርዓት ነው። ሣጥኑ ይህን ሥርዓት ይዞ አልመጣም።

ነገር ግን ሣጥኑ ከበሮ ሊገባበት በማይችልበት ስፍራ ይገባል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ በረንዳ በተቀመጡበት ማታ፣ የማኅሌት ከበሮ አይወጣም፤ የዝክር ከረቡም ለጨዋታ አይነሣም። ሁለቱም ስለ መከበራቸው ነው። ጀሪካኑ ሲመታ የኖረው በዚህ ክፍት ስፍራ ላይ ጭምር ነው፤ ሣጥኑም የጀሪካኑ ወራሽ ቢባል ይገባዋል እንጂ የከበሮው ወራሽ አይደለም። ማንም ሰው ሃይማኖቱን ሳይነካበት ይመታዋል፤ የኦሮሞውን ዜማ፣ የሶማሌውን፣ የአማራውንና የሐረሪውን ዜማ በተራ ያጅባል። መቺው ምቱን ያገኘው ግን ከሣጥኑ አይደለም፤ ከእናቱ አታሞ፣ ከአባቱ ድቤ፣ ከጎረቤቱ ከረቡና ዱርባን የሰማውን ነው ወደ እንጨቱ የሚያሻግረው። እነዚህ ከበሮዎች ከቤት የጠፉ እንደ ሆነ ሣጥኑ የሚናገረው ነገር ያጣል።

ስለዚህ በድሬ ዳዋ ለቤት ከበሮ የሚመርጥ ሰው፣ ለድግሱና ለሥርዓቱ የቆዳውን ከበሮ በሚያውቅ እጅ አስጠፍሮ ያኑር፤ ለማታው ጨዋታ ደግሞ ከክራሩ ወይም ከዑዱ ጋራ የሚስማማ ሣጥን ይፈልግ። ሣጥኑን የሚሠራው የሰፈሩ አናጺ፣ ከበሮውን የሚጠፍረው የሰፈሩ ባለሙያ የሆነ እንደ ሆነ፣ ገንዘቡም እውቀቱም በከተማው ይቀራል። ልጆችም ሁለቱን በአንድ ቤት ሲሰሙ ያደጉ እንደ ሆነ፣ የትኛው ለምን ጊዜ እንደሚነሣ ሳይነገራቸው ያውቃሉ።